የሩብ ሚሊ ሜትር ፊዚክስ፦ የአየር ጠመንጃ አረር ምርጫና ማስተካከያ

እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ፣ በሴቶች የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ፍጻሜ፣ ደቡብ ኮሪያዊቷ ባን ህዮ ጂንና ቻይናዊቷ ሁዋንግ ዩቲንግ እኩል 251.8 ነጥብ አስመዘገቡ። አሸናፊዋን ለመለየት አንድ አንድ ጊዜ እንዲተኩሱ ተደረገ፤ ባን 10.4፣ ሁዋንግ 10.3 አገኙ። የወርቅ ሜዳሊያው በአንድ አስረኛ ነጥብ ተወሰነ። በዚህ ውድድር አንድ አስረኛ ነጥብ በኢላማው ላይ የ0.25 ሚሊ ሜትር እርከን ነው።

ከሁሉ በፊት የሚጠቀሰው የተኳሹ ችሎታ መሆኑ አያጠራጥርም። ሩብ ሚሊ ሜትር በሚቆጠርበት ስፍራ ግን አረሩና ጠመንጃውም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። በዚህ ጽሑፍ አረር እንዴት እንደሚመረጥ፣ ጠመንጃው እንዴት እንደሚስተካከል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምርጫው ትክክል መሆኑ እንዴት እንደሚረጋገጥ እንመለከታለን።

የአረሩ ቅርጽ

የአየር ጠመንጃ አረር ብዙውን ጊዜ ከእርሳስ የሚሠራ ሲሆን ራስ፣ ቀጭን ወገብና ቀሚስ አለው። ራሱ ድፍን፣ ቀሚሱ ግን ክፍት በመሆኑ ክብደቱ ወደ ፊት ያደላል። የአየሩ ግጭት ቀሚሱን ወደ ኋላ ስለሚይዘው አረሩ እንደ ባድሜንተን ኳስ ራሱን አስቀድሞ ይበራል። በበርሜሉ ውስጥ የተቀረጹት ጠመዝማዛ ቦዮችም እያሽከረከሩ ሚዛኑን ያስጠብቁታል። ስሱ ቀሚስ የታመቀው አየር ሲገፋው ሰፋ ብሎ ከበርሜሉ ግድግዳ ጋር ስለሚገጥም አየር እንዳያመልጥ ይከላከላል።

ጥቂት ስሌት

0.53 ግራም የሚመዝን አረር በሰከንድ 170 ሜትር ፍጥነት ከበርሜሉ ወጣ እንበል። የአየሩን ግጭት ብንተው፣ 10 ሜትሩን በ0.059 ሰከንድ ያቋርጣል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ የመሬት ስበት 1.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ያደርገዋል። ይህ ዝቅታ በራሱ ጉዳት የለውም፤ ማነጣጠሪያውን በማስተካከል ይካካሳል። ችግር የሚሆነው ከተኩስ ተኩስ ሲለያይ ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ አንድ ሜትር ቢቀንስ አረሩ 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል። አንዱ አረር ከሌላው በ0.01 ግራም ቢከብድ ደግሞ፣ የሚገፋው ጉልበት እኩል ከሆነ፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 1.6 ሜትር ገደማ ይቀንሳል፤ ልዩነቱ 0.3 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ይህም ከአንድ አስረኛ ነጥብ ይበልጣል።

ስለዚህ ጥሩ አረር ማለት ፈጣን አረር ማለት አይደለም፤ እርስ በርሱ የሚመሳሰል አረር ማለት ነው። እንዲያውም ፍጥነቱ ወደ ድምፅ ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ሲጠጋ ይህ ቅርጽ ሚዛኑን መጠበቅ ይሳነዋል። የውድድር ጠመንጃዎች በዚያ ግማሽ ገደማ መሥራታቸው አያስገርምም።

ምርጫና ፈተና

የ4.5 ሚሊ ሜትር አረሮች የራስ ስፋት በመቶኛ ሚሊ ሜትር እየተለያየ ይመረታል፤ ለምሳሌ 4.49፣ 4.50፣ 4.51። ራሱ ከበርሜሉ ከጠበበ አረሩ ዘንበል ብሎ ሊጓዝ ይችላል፤ ከሰፋ ደግሞ ፍትጊያው ይጨምራል። በርሜሎችም እርስ በርሳቸው ጥቂት ስለሚለያዩ ለሁሉም የሚስማማ አንድ አረር የለም። የተኳሹ እጅ ውጤቱን እንዳያዛባ፣ የውድድር ጠመንጃ በሞርሳ ታስሮ ከእያንዳንዱ ዓይነት አረር ይተኮሳል፤ የቀዳዳዎቹ መራራቅም ይለካል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አምስት ጊዜ ተኩሶ የተገኘ አንድ ጠባብ የቀዳዳዎች ስብስብ ብዙ አያስረዳም። ጠመንጃውም አረሩም ሳይለወጡ፣ በአምስት ተኩስ የሚገኘው የስብስቡ ስፋት በአጋጣሚ ብቻ በሩብ ያህል ሊሰፋ ወይም ሊጠብ ይችላል። አሥር ዓይነት አረር እንዲህ የሚፈትን ሰው፣ ሁሉም እኩል ቢሆኑ እንኳ፣ አንደኛው «ምርጥ» ሆኖ ይታየዋል። መፍትሔው ተኩሱን መደጋገም ነው። ከሁለቱ ሩቅ ቀዳዳዎች ርቀት ይልቅም እያንዳንዱ ቀዳዳ ከስብስቡ ማዕከል ያለውን አማካይ ርቀት መውሰድ ይበልጣል፤ ሁሉም ተኩሶች ይቆጠራሉና።

ጠመንጃውን ማስተካከል

የታመቀ አየር በሚጠቀም ጠመንጃ ዋናው ሥራ አረሩን የሚገፋው ግፊት ሁልጊዜ እኩል እንዲሆን ማድረግ ነው፤ ለዚህም የግፊት መቆጣጠሪያው ይስተካከላል፣ ፍጥነቱም በመለኪያ ይከታተላል። በሞላና በፒስቶን የሚሠራው ጠመንጃ ግን ጠባዩ የተለየ ነው። ከባዱ ፒስቶን ወደ ፊት ሲወረወር አረሩ ከበርሜሉ ሳይወጣ ጠመንጃው ይንቀሳቀሳል። በመሆኑም የሰደፉ ብሎኖች ጠብቀው መታሰራቸውና ተኳሹ ጠመንጃውን ዘወትር በአንድ ዓይነት አያያዝ መያዙ ወሳኝ ነው። አጥብቆ ማሰር የጠመንጃውን የተለመደ እንቅስቃሴ ስለሚለውጥ፣ ይህን ዓይነቱን ጠመንጃ በሞርሳ መፈተን ሊያሳስት ይችላል።

በሁለቱም ዓይነት ጠመንጃ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ ደጋግሞ መተኮስ፣ መመዝገብ። አረሩና ሞላው በአንድ ቀን ቢለወጡ ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። እርሳስ መርዛማ በመሆኑም ከተኩስ በኋላ እጅን መታጠብ እንዳይዘነጋ እናሳስባለን።

ከዚህ የምንረዳው፣ ኢላማውን ከመምታት በፊት ተመሳሳይ ቦታ ደጋግሞ መምታት እንደሚቀድም ነው። ቀዳዳዎቹ አንድ ቦታ ከተሰበሰቡ ወደ መካከል ማምጣት የማነጣጠሪያው ቀላል ሥራ ነው፤ የተበታተኑትን ግን ማነጣጠሪያ አይሰበስባቸውም።