ለዝንብ አሳሪ የሚሆን ማጉያ
የዓሣ ማጥመጃ ዝንብ ላባ፣ ጸጉርና ክር መንጠቆ ላይ ተጠምጥሞ የሚሠራ፣ ትራውት የተባለው ዓሣ የሚመገባቸውን ነፍሳት የሚመስል ማታለያ ነው። የመንጠቆው ቁጥር ሲጨምር መጠኑ ያንሳል፤ ቁጥር 20 ከሩዝ ፍሬ እምብዛም አይበልጥም። ከ40 ዓመት በኋላ ዓይን ቅርቡን ማየት ሲያዳግተው፣ የመንጠቆው ቀዳዳ በክር መደፈኑ የሚታወቀው ወንዝ ዳር ተደርሶ ነው።

ጭንቅላት ላይ የሚጠለቅ ማጉያ ሲመረጥ የተለመደው ስሕተት ኃይለኛውን መሻት ነው። ማጉላቱ በጨመረ ቁጥር ሌንሱ ወደ ሥራው መቅረብ አለበት። ኦፕቲቫይዘር በተባለው የታወቀ ምርት፣ 1.75 እጥፍ የሚያጎላው ሌንስ በ35 ሴንቲ ሜትር ግድም አጥርቶ ያሳያል፤ 3.5 እጥፉ ግን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይፈቅዳል። ያኔ መቀሱም ክሩም አፍንጫ ሥር ይገባሉ፤ ላባውም በትንፋሽ ይበተናል። ለአብዛኛው ሥራ ከ2 እስከ 2.5 እጥፍ ይበቃል።

ሐኪም ባዘዘው መነጽር ላይ የሚደረበውና ወደ ላይ የሚገለበጠው ይሻላል፤ ላባ ለመምረጥ ቀና ባሉ ቁጥር ማውለቅ ያሰለቻል። የፕላስቲክ ሌንስ ቀላል ቢሆንም ቶሎ ይጫጫራል፤ የመስታወቱ አንገት ላይ ይከብዳል። ግንባር ላይ የምትገጠመው አምፖልም ደህና የጠረጴዛ መብራትን አትተካም።