ሃይፐርቴንሽን "ቴንሽን" አይደለም! ካርዳችሁ ላይ የሚጻፉ ቃላት ምን ማለት ናቸው?



ታካሚ የማየው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ካዛንቺስ አካባቢ ነው። ከታካሚ ጋር የምናወራው በአማርኛ ነው፤ ካርዱና የላብራቶሪ ውጤቱ ግን በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ካዛንቺስ ራሱ ከጣሊያንኛ መጥቶ የሰፈር ስም ሆኖልናል፤ የሰፈር ስም ትርጉሙ ቢጠፋ ችግር የለውም። የበሽታ ስም ትርጉሙ ሲጠፋ ግን ሰው ይጎዳል። እነዚህን 4 ነገሮች ለዩ።

👉 1. ሃይፐርቴንሽን
ደም ግፊት ማለት ነው። ብዙ ሰው "ቴንሽን" የምትለዋን ሰምቶ ጭንቀት ይመስለዋል። "ዶክተር፣ አሁን እኮ ተረጋግቻለሁ" ብለው መድኃኒቱን ያቆሙ አባት ተመልሰው ሲመጡ ግፊታቸው 190/110 ነበር። ቃሉ የሚናገረው ደም የደም ሥርን ግድግዳ ስለሚገፋበት ኃይል ነው። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት አለ እንላለን። የማይጨነቅ ሰውም ይይዘዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም። ስለዚህ "ደህና ነኝ" ብላችሁ መድኃኒት እንዳታቆሙ።

👉 2. ሃይፐር እና ሃይፖ
ሃይፐር ከፍ ያለ፣ ሃይፖ ዝቅ ያለ ማለት ነው። ስኳር ላለበት ሰው ይህ ልዩነት የሕይወት ጉዳይ ነው። ሃይፖግላይሴሚያ የደም ስኳር ከ70 በታች ሲወርድ ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ግራ መጋባት ይታያል። መዋጥ ከቻለ ቶሎ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጡት። በዚያ ሰዓት ኢንሱሊን እንዳትወጉት! ራሱን ከሳተ ደግሞ በአፉ ምንም አትስጡ፤ 907 ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ ወይም ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ውሰዱት።

👉 3. አኪዩት እና ክሮኒክ
አኪዩት በድንገት የጀመረ፣ ክሮኒክ የቆየ ማለት ነው። አኪዩት ሲባል "ቀላል ነው" አትበሉ፤ ትርፍ አንጀት አኪዩት ነው፣ ካልታከመ ይገድላል። ክሮኒክ ሲባልም "አይድንም" ማለት አይደለም። ለምሳሌ ክሮኒክ ጋስትራይቲስ የቆየ የጨጓራ ብግነት ነው። መንስኤው ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ከሆነ በመድኃኒት ማጥፋት ይቻላል፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ መጨረስ ግን ግድ ነው።

👉 4. ኔጌቲቭ
የተፈለገው ነገር አልተገኘም ማለት ነው፤ "ጤነኛ ነህ" ማለት አይደለም። የወባ ምርመራችሁ ኔጌቲቭ ሆኖ ትኩሳቱ ካልለቀቃችሁ ተመልሳችሁ ታዩ።

ከሐኪም ክፍል ከመውጣታችሁ በፊት እነዚህን 3 ጥያቄዎች ጠይቁ፦
✅ ሕመሜ በአማርኛ ምን ይባላል?
✅ መድኃኒቱን እስከ መቼ ልውሰድ?
✅ ምን ሲሰማኝ ቶሎ ልመለስ?

"ዶክተሩ ይቸኩላል" ብላችሁ አትፈሩ። መጠየቅ የእናንተ መብት፣ ማስረዳት የእኛ ሥራ ነው። ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ ይህን አንብቡለት፤ ለሌሎችም ሼር አድርጉ።

ጤናችሁ ይብዛ!