ሕፃናትን በትንንሽ ቡድን ከፍሎ ስለ ማስነበብ

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባለው በቦረናና በሳይንት ደጋ የሚማሩ ሕፃናት በአንድ ክፍል ቢቀመጡም በንባብ እኩል አይደሉም። አንዱ በመኸር ወራት ከብት ሲጠብቅ ከርሞ ፊደሉን የረሳ ነው፤ ሌላው ከቄስ ትምህርት ቤት ወይም ከቁርአን ትምህርት ቀምሶ የመጣ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው መቆየታቸውም ልዩነቱን አባብሶታል። መምህሩ ግን አንዱን ገጽ ለሁሉም በአንድ ድምፅ ሲያስጮህ፥ የሚያውቀው ይሰለቻል፤ የማያውቀውም የጓደኛውን ድምፅ ተከትሎ ያነበበ ይመስላል። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የንባብ ምርመራ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶ 34 የሚሆኑት ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አለመቻላቸው ተገልጧል።

መድኃኒቱ ከሩቅ አገር የሚፈለግ አይደለም። ካህናት አባቶች እንደሚያውቁት የንባብ መምህር ፊደል የሚቆጥረውን፥ መልእክተ ዮሐንስ የሚያነበውንና ዳዊት የሚደግመውን በአንድ ጥላ ሥር አስቀምጦ ለእያንዳንዱ እንደ ደረሰበት ይሰጠዋል፤ የቀደመውም የኋለኛውን ያስጠናል። የቁርአን መምህርም በየልጁ ሉሕ ላይ የሚጽፈው ትምህርት ለየራሱ ነው።

በመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆቹ ብዙዎች ስለ ሆኑ፥ መምህሩ አስቀድሞ እያንዳንዱን ለብቻው አንድ አጭር ገጽ አስነብቦ፥ የሚቀራረቡትን አምስት አምስት አድርጎ ይመድብ። ከአንዱ ቡድን ጋራ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ሲያዳምጥ፥ የቀሩት ይጻፉ፤ ወይም ሁለት ሁለት ሆነው ያነበቡትን ይድገሙ። ልጅ ግእዙን ትርጓሜውን ሳያውቅ በቃሉ መያዙ የጥንቱ ትምህርት ጉድለት ነበር፤ በአማርኛ ግን ለዚህ ምክንያት የለምና፥ ከገጹ በኋላ «ምን ሆነ? ስለ ምን?» ብሎ ይጠይቅ።

ይህማ ቀድሞ አንድ ለአምስት የተባለው አደረጃጀት ነው የሚል ይኖር ይሆናል። አይደለም። በዚያ ጎበዙ ተማሪ ሌሎቹን ይመራ ነበር፤ በዚህ ግን መምህሩ ራሱ ይቀመጣል፤ ልጁም ሲቀድም ወደ ሌላው ቡድን ይሻገራል። ካልተሻገረ የሰነፎች ወንበር የሚል ስም ይወጣለታል፤ ስሙንም ይዞ ያድጋል።

ከሹማምንት የሚፈለገው ብዙ ገንዘብ አይደለም። ተቆጣጣሪው ወደ ክፍል ሲገባ አምስት ልጆች በአንድ ማዕዘን ሲያነቡ፥ ሌሎቹም ሲንሾካሾኩ ቢያገኝ መምህሩን አይገሥጽ። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶበት የቆየውንም ልጅ ስንተኛ ክፍል እንደ ነበረ ከመጠየቁ በፊት አንድ ገጽ ያስነብበው።