ተጨማሪ መረጃ፦ «፯» ለፓይተን ቁጥር ነው?

የመርሳ ከተማን የፍራፍሬ ነጋዴዎች የሚመዘግብ ፕሮግራም በፓይተን ብትጽፉ፣ ከቁልፍ ሰሌዳ የሚገባው ሁሉ መጀመሪያ ስትሪንግ፣ ማለትም ጽሑፍ ነው። የማንጎው ዋጋ እንዲደመር ኢንት (int) በተባለው ትእዛዝ ወደ ሙሉ ቁጥር ይለወጣል። ስልክ ቁጥር ግን በጽሑፍነቱ ይቆይ፤ ከተለወጠ በ«09» መጀመሪያ ያለው 0 ይጠፋል።

የግዕዝ አኃዝ ነገር ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። ኢንት የዓረብኛና የሂንዲ አኃዞችን ያለ ችግር ይቀበላል። «፯»ን ግን፣ ጽሑፍ አኃዝ መሆኑን የሚፈትሸው ኢዝዲጂት (isdigit) «አኃዝ ነው» ብሎ ሲያሳልፈው ኢንት ስሕተት ያወጣበታል። የግዕዝ አጻጻፍ ዜሮ የለውም፤ የአኃዙ ዋጋም እንደ 2017 በቦታው አይወሰንም። ፳፻፲፯ ማለት 20 በ100 ተባዝቶ 10 እና 7 ሲደመሩበት ነው። ስለዚህ መለወጫውን ራሳችሁ መጻፍ ይኖርባችኋል፤ ወልድያም ሆነ መርሳ ላለ ጀማሪ ከዚህ የሚጣፍጥ መልመጃ ማግኘት ይከብዳል።