ከአሜሪካ በሚላክ ገንዘብ ላይ የተጣለው ቀረጥና ገበሬው

በዋግ ኽምራ፣ በጋዝጊብላ ወረዳ ዝናብ ባጠረ ዘመን ለዘርና ለበሬ መግዣ በውጭ አገር ያለ ልጅ የሚልከው ገንዘብ ትልቅ ድጋፍ ነው። አሜሪካ ግን ከታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ውጭ በሚላክ ገንዘብ ላይ 1 በመቶ ቀረጥ ጥላለች።

ሕጉን ያወጣው የወግ አጥባቂ ክርስቲያኖች ጽኑ ድጋፍ ያለው የሪፐብሊካን ፓርቲ ነው። የቀረጡ ደጋፊዎች ሕገ ወጥ ስደትን ይገታል ይላሉ። ረቂቁ በመጀመሪያ ዜጋ ባልሆኑት ላይ ብቻ 5 በመቶ ይጥል ነበር። ሰኔ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲፈረም ወደ 1 በመቶ ወርዶ ዜጋውንም ጨምሯል።

የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ለአባሎቻቸው ሊያስረዱት የሚገባ ቁም ነገር አለ። ቀረጡን የሚከፍለው ላኪው ነው፤ ያውም ገንዘቡን በጥሬው ሲያስረክብ ነው። 100 ዶላር በጥሬው የሚልክ 1 ዶላር ይጨምራል። በአሜሪካ ካለው የባንክ ሒሳቡ ወይም እዚያ በተሰጠው የባንክ ካርድ የሚልክ ግን አይከፍልም። ልጁ በስልክ ሲደውል ይህንን መንገር ይገባል። ከቀረጥ ለመሸሽ ወደ ጥቁር ገበያ መሄድ በአገራችን ሕግ ያስጠይቃል፤ ገንዘቡ ቢጠፋም ዋስ የሚሆን የለም። አንዲቱን ዶላር ለማዳን መቶውን ማጣት ይመጣል።