ወደ ጣና ደሴቶች ለሚሄድ ሰው

በአፍንጮ በር የሚኖር ሰው በአንድ ወገን ስድስት ኪሎን፣ በሌላው ወገን ፒያሳን ጎረቤት አድርጎ ይኖራል እንጂ ውሃ የከበበውን ምድር የሚያውቀው በሥዕል ነው። ስለዚህም በሰፈራችን ቡና ቤት የዕረፍት ወሬ በተነሣ ቁጥር የወጣቱ አሳብ ወደ ዛንዚባርና ወደ ሲሸልስ ይበራል። ዕድሉ ለገጠመው መልካም ነው። ነገር ግን የአንድ ጀማሪ ጸሐፊ ደመወዝ ወይም የአንድ ተማሪ ቁጠባ ወደዚያ የማያደርስ ቢሆን፣ የሐሩር ምድር ደሴት በአገራችንም አለ። ጣና በዚያው በሐሩር ክልል ውስጥ ይገኛል፤ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል በመሆኑ ሙቀቱ ሰውን አያስጨንቅም።

ይህን ምክር የምጽፈው ዐዋቂ ሆኜ ሳይሆን ተሳስቼ ስለ ተማርሁ ነው። በ2014 ዓ.ም. የካቲት፣ ገና ተማሪ ሳለሁ፣ እናቴ የዕቁብ ዕጣ ወጣላት። ከልጅነቷ ጀምሮ የምትመኘው ዳጋ እስጢፋኖስን መሳለም ነበርና እኔን አስከትላ ባሕር ዳር ገባች። እኔም የተማርሁ ነኝ ብዬ ማንንም ሳልጠይቅ ጀልባ ተከራየሁ። ሰዓታት ተጉዘን ከደሴቱ ዳር ስንደርስ ባለጀልባው ዘወር ብሎ «እማማ፣ እርስዎ እዚሁ ይቆያሉ፤ ዳጋ ሴት አይገባም» አላት። እርሱ የማውቅ መስሎት፣ እኔም የሚነግረኝ መስሎኝ ኖሯል። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከጀልባው ሳትወርድ ሽቅብ ወደ ዛፎቹ ተሳለመች።

እንግዲህ የመጀመሪያው ምክር ይኸው ነው፤ ከሴት ጋራ የሚጓዝ ሰው፣ ወይም ራሷ መንገደኛዋ፣ የእያንዳንዱን ገዳም ሥርዓት አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ክብራን ገብርኤልና ጣና ቂርቆስ ለወንዶች ብቻ የተወሰኑ ናቸው። በክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስ፣ በዘጌ ልሳነ ምድር ያለችው ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ በደቅ ደሴት ያለው ናርጋ ሥላሴ ግን ሴቶችን ይቀበላሉ። ናርጋን በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። በዑራ ደግሞ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ነው። እናቴን ወደዚህ ወስጃት ቢሆን ኖሮ ገብታ ትሳለም ነበር።

ሁለተኛው ምክር የሰዓት ነገር ነው። ጣና ጧት ጧት ጸጥ ያለ ነው፤ ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ እየተነሣ ማዕበል ያስነሣል። ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ መነሣት፣ ሩቁን አስቀድሞ ማየት፣ ቅርቡን ለመመለሻ ማቆየት ብልህነት ነው። እኔ በዳጋ የነገሥታቱን የዐፄ ይኩኖ አምላክን፣ የዐፄ ዳዊትን፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን፣ የዐፄ ዘድንግልንና የዐፄ ፋሲለደስን ዐፅም ለማየት ስዘገይ ቀትር አለፈ። ወርጄ «ለእናቴ ናርጋን እናሳያት» ብል ባለጀልባው ውሃውን በጣቱ አሳየኝና እምቢ አለ። ደግ አደረገ። ባለጀልባ ነፋስን ፈርቶ አይሆንም ሲል ገንዘብ ጨምሮ ማባበል ሕይወትን መሸጥ ነው። እንዲሁም የመንሳፈፊያ ጃኬት ለሰው ሁሉ መኖሩን ሳያዩ በጀልባ መሳፈር አይገባም።

ሦስተኛው የጤና ነገር ነው። ውሃው ቢያምርም በዳርቻው ብልሃርዚያ ስላለ መዋኘትም እግርን መንከርም ይቅር። ወባም ስላለ አጎበርና ረዥም እጀታ ያለው ልብስ ያስፈልጋል። ዐባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስለሚገኝ በደንገል ታንኳ መቀለድ አይበጅም። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የታየው እምቦጭም በተለይ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ጀልባን ያስቸግራል።

አራተኛው የምግባር ነገር ነው። «እንደ ንጉሡ አጎንብሱ» እንዲሉ፣ በገዳም እንደ ገዳሙ መሆን ነው። ጫማ ከደጅ ይወልቃል፤ ሴቶች ፀጉራቸውን ይሸፍናሉ፤ ፎቶግራፍ ሳያስፈቅዱ አይነሣም። በደሴቱ ላይ ባንክ ስለሌለ ለመግቢያና ለሙዳየ ምጽዋት የሚሆን ዝርዝር ብር፣ ለራስም የጾም ስንቅና የመጠጥ ውሃ መያዝ ይገባል።

የጉዞውን ወራት ከጥቅምት እስከ የካቲት ማድረግ ይሻላል፤ ክረምቱ ዝናም ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ያለው መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ አውሮፕላን ግን አንድ ሰዓት ያህል ቢፈጅበት ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ ግጭት ከተነሣ ወዲህ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ፣ ከመነሣት በፊት በስፍራው የሚኖር ሰው በስልክ መጠየቅ የግድ ነው። መልሱ «ቆዩ» ከሆነ መቆየት ነው፤ ደሴቶቹ የትም አይሄዱም።

የዚያን ዕለት ማታ ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ እናቴን ይቅርታ ብጠይቃት «ልጄ፣ አፍ እያለህ ምነው ሳትጠይቅ?» አለችኝ እንጂ አልተቈጣችም። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ትንሽ ትንሽ አስቀምጣለሁ። መንገዱ ሲደላደል በጧት ተነሥተን፣ ነፋሱ ሳይቀድመን፣ ናርጋ ሥላሴ እንገባለን። እናንተም አንባቢዎቼ፣ እናታችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ አስቀድማችሁ ጠይቁ።