አዲስ ተመዳቢ መምህራንና የቴሌግራም ቡድኖች፤ ምክርና ማጽናናት ከሩቅ ሲጠየቅ

ከመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ተመርቆ ወደ ገጠር ትምህርት ቤት የሚመደብ ወጣት በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ዓይነት ችግር ይገጥመዋል። አንደኛው የሙያ ነው፤ ይኸውም ሰባ ተማሪ የተቀመጠበትን ክፍል እንዴት እንደሚይዝ፣ ፈተና እንዴት እንደሚያወጣ የሚመለከት ነው። ሁለተኛው የብቸኝነት ነው። ስለ መጀመሪያው በየኮርሱ እናስተምራለን፤ ስለ ሁለተኛው ግን እምብዛም አንናገርም።

ዛሬ ይህ ወጣት ማታ በሩን ዘግቶ ሲቀመጥ ሁለቱንም ችግር የሚያወያየው በስልኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ የጀመረው ቴሌግራም በመምህራን ዘንድ ከመስፋፋቱ የተነሣ የአንድ ትምህርት ዓይነት መምህራን ወይም የአንድ ዓመት ምሩቃን የየራሳቸው ቡድን አላቸው። ለአዲስ መምህራን በተዘረጋው የሁለት ዓመት የሙያ ትውውቅ መርሐ ግብር መሠረት በትምህርት ቤቱ አማካሪ መምህር ሊኖር ይገባል። ታዲያ አጠገቡ ያለውን አማካሪ ትቶ የማያየውን ሰው ስለምን ይጠይቃል? አማካሪው ስለ እርሱ ሥራ አስተያየት የሚሰጥ ሰው ነውና፣ «ክፍሉን መያዝ አቃተኝ» ብሎ ለእርሱ መናገር ራስን ማስገመት መስሎ ይታየዋል። በቡድኑ ውስጥ ያለው ባልደረባ ግን ያንኑ ችግር በዚያው ሳምንት ያየ ነው፤ «እኔም እንዲሁ ነኝ» የሚለው አጭር መልሱ ከረጅም ምክር ይልቅ ያጽናናል።

መጻፍ በራሱም ጥቅም አለው። ጄምስ ፔኔቤከርና ሳንድራ ቢል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት፣ የደረሰባቸውን ከባድ ነገር ከነስሜቱ ለአራት ቀናት በየቀኑ 15 ደቂቃ የጻፉ የኮሌጅ ተማሪዎች፣ ስለ ተራ ነገር ከጻፉት ይልቅ በተከታዮቹ ወራት ወደ ጤና ማዕከል የሄዱበት ጊዜ አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል። እነዚያ ተማሪዎች ከማንም መልስ አይጠብቁም ነበር። መምህሩ ግን ይጠብቃል።

ቴሌግራም በአንድ ቡድን እስከ 200,000 አባላት ይፈቅዳል። ብዙ ሰው ባለበት ረዳት አይጠፋም የሚለው ግምት ትክክል ቢመስልም፣ ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተሙት ሙከራ ተቃራኒውን ያሳያል። በኒው ዮርክ የሚማሩ ተማሪዎች ለየብቻ በተዘጉ ክፍሎች ተቀምጠው፣ ሳይተያዩ፣ ስለ ኮሌጅ ኑሮ ችግሮቻቸው በድምፅ ማስተላለፊያ እንዲወያዩ ተደረገ። በመካከሉ ከተወያዮቹ አንዱ የሚጥል በሽታ እንደ ተነሣበት ይሰማል፤ ድምፁ አስቀድሞ የተቀዳ ነበር። የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ ብለው ካመኑት ውስጥ 85 በመቶ የሚሆኑት ድምፁ ሳይቋረጥ ርዳታ ሊጠሩ ወጡ። ሌሎች አራት ሰዎችም ይሰማሉ ብለው ካመኑት ግን የወጡት 31 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያልወጡት ጨካኞች አልነበሩም፤ ከእነርሱ መካከል እጃቸው እየተንቀጠቀጠ የታማሚውን ደኅንነት የጠየቁ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ እንዳስረዱት ኃላፊነቱ ለብዙ ሰው ስለ ተከፋፈለ በእያንዳንዱ ላይ የወደቀው ድርሻ አንሶ ነበር።

የእነዚያ ተማሪዎች አቀማመጥ ከዛሬው የቴሌግራም ቡድን ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ልብ ይሏል። በዕድር ከቀብር የቀረ ሰው በስሙ ተጠርቶ ይቀጣል፤ በ30,000 ሰው ቡድን ውስጥ ዝም ያለ ሰው ግን ዝም ማለቱን እንኳ የሚያውቅበት የለም።

ሌላው ጉዳይ ማጽናናትና መምከር አንድ አለመሆናቸው ነው። ለማጽናናት ተመሳሳይ ችግር ማየት ይበቃል፤ ለመምከር ግን ነገሩን ማወቅ ያስፈልጋል። አንዲት መምህርት «አንድ ተማሪዬ ዘወትር ክፍል ውስጥ ይተኛል» ብላ ብትጽፍ፣ «ወላጅ አስጠሪ» ወይም «ከክፍል አስወጪው» የሚሉ መልሶች ወዲያው ሊጎርፉ ይችላሉ። ልጁ ቁርስ ሳይበላ የሁለት ሰዓት መንገድ ተጉዞ ይሆን ብሎ የሚጠይቅ ግን ከሁሉ ዘግይቶ ይመጣል፤ ጨርሶ ላይመጣም ይችላል። ስለዚህ ሠልጣኞቻችን ከመመለሳቸው በፊት መጠየቅን ሊለማመዱ ይገባል። የተማሪን ስምና ፎቶግራፍ አለመለጠፍም የዚሁ ልምምድ አካል ነው፤ በቡድን የተጻፈ ነገር ወደ ሌላ ቡድን በቀላሉ ይተላለፋልና።

በእኔ አስተያየት ኮሌጆች ከምረቃ በፊት በአንድ ክፍል የተማሩትን አሥር አሥር እያደረጉ ቡድን ቢያቋቁሙላቸው፣ በዕውቀቱ የሚታመን አንድ ነባር መምህርም ቢጨምሩበት ይበጃል፤ ይህ መምህር ገምጋሚያቸው መሆን የለበትም። ተራ ወጥቶ በየሳምንቱ አንድ አባል የዝምተኞቹን ደኅንነት ይጠይቅ። አንድ ሰው ኑሮ እንደ ሰለቸው የጻፈ እንደሆነ ባለ ተራው ለቡድኑ መልስ ከመጻፍ አስቀድሞ ለሰውየው ራሱ ይደውልለት፤ አጠገቡ ያለ አንድ ሰው እንዲደርስለትና ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስደውም ያድርግ። ለዚህም እያንዳንዱ ተመዳቢ የሚሠራበትን ትምህርት ቤት ስምና የአንድ የሥራ ባልደረባውን ስልክ ቁጥር ለዘጠኙ ጓደኞቹ ሊሰጥ ይገባል። ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ወረዳ ያለ መምህር ዝርዝሩን በወረቀት ቢይዘው ይመረጣል።